ሰላም ሳትይ ያለፍሻቸው ሰዎች

ለአስኩዬ፦

ከተለየሽኝ ዓመት ከዘጠኝ ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽ በደንብ ታስቦ ውሏል፤ ልደታ ማርያም ጸሎት ተደርጎልሻል፣ ዘመድ አዝማዱም ዝክርሽን ቀምሶ ሄዷል። ያኔ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። የምነግርሽ መልካም መልካም ወሬ ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው አለፈና አሁን የምጽፍልሽ አፍሬ ነው። ከመጋቢት ወዲህ ሳሎን ያለውን ፎቶሽን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ልጃችን ሕይወት በመጣች ቁጥር አባዬ ምን ሆነህ ነው ፊትህ የጠቆረው ትለኛለች፤ ጉንፋን ነው እላታለሁ። አራት ወር የቆየ ጉንፋን የት አይታ እንደምታምነኝ እንጃ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ፤ የሚከብደውን ወደ ኋላ ማቆየት አመሌ መሆኑን ታውቂያለሽ። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም አለ። እኔ ውሃ እያበዛሁ ልገድለው ነበር፤ ሕይወት ናት ያተረፈችው። የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ለእኔም ከብዶኛል፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቁልፍ የምፈልግ መስዬ ኪሴን እየዳበስኩ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። አንቺ እንዲህ ስታደርጊ ስስቅብሽ ኖሬ አሁን ተራው የእኔ ሆነ። ታች ያለው መንገድ ሰፍቶ፣ የእግረኛው መሄጃ ንጣፍ ተነጥፎበት ብታዪው ሌላ አገር ይመስልሻል። ጥቁሩ የሥራ ጫማሽ ከበር ጀርባ እንዳለ ነው። ሕይወት ልጣለው ብላ ሁለት ጊዜ አንስታው ነበር፤ ሁለቴም ከእጇ ተቀብዬ መለስኩት። እኔ አሁንም ከፍርድ ቤቱ አጥር አጠገብ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ። መነጽሬ ወፈር አለ እንጂ እጄም ምላሴም እንዳሉ ናቸው። ጉዱን ያመጣውም ምላሴ ነው።

እኔ ሰላምታ የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህን የማያውቅ የልደታ ሰው የለም። ከቤታችን እስከ ተክለ ሃይማኖት ሌላው በሃያ ደቂቃ የሚሄደው መንገድ እኔን አንድ ሰዓት ይፈጅብኛል። የቤተሰቡን ጤና፣ የልጁን ፈተና፣ የወገቡን ሕመም ሳልጠይቅ የማልፈው ሰው የለም። አንቺ ደግሞ ከእኔ ጋር ስትሄጂ ለጎረቤቱና ለዘመዱ እንደ ሰው ሰላም ትያለሽ፤ ድንገት ግን አንዷ ሴት ወይ አንዱ ጎረምሳ ከፊት ሲመጣ ዓይንሽ የመብራት እንጨት እንዳየ ሰው ሽው ብሎ ያልፋል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ትዝ ይልሻል? ነጠላ ያጣፋች ሴት ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና ወደ እኛ ትመጣ ነበር። አንቺ ወደ ፊት ብቻ ታያለሽ። እሷም ወደ ፊት ብቻ ታያለች። እኔ ክንዴን በያዙት ጣቶችሽ ብቻ ነው የሆነ ነገር እንዳለ ያወቅሁት፤ ጠበቅ አደረግሽኝና ካለፉ በኋላ ለቀቅሽኝ። ይቺ ሴትዮ የምታውቅሽ ትመስላለች ብልሽ፣ ትሁን አልሽና ስለ ምሳ ማውራት ጀመርሽ።

ሰዉ ያማሽ ነበር። የታምሩ ሚስት ኩራቷ አይቻልም፣ የመንግሥት ሥራ ይዛ ሰው አታይም ይሉሽ ነበር። እኔ ደግሞ በአንቺ ፋንታ ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ፣ ዓይኗ ትንሽ ደከም ብሎ ነው እላቸው ነበር። በዚህ የተነሳ የዕድራችን ሴቶች አንቺ በመርፌ ክር ስታስገቢ አይተው ተአምር ነው ማለታቸውን አልነገርኩሽም። አሁን ሳቂበት።

አንድ ቀን ግን እህትሽ ቤት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ኩራትሽን አንስቼ አሳጣሁሽ። ስንመለስ ጌጃ ሰፈር ጋ ስንደርስ ቆም ብለሽ ነገርሽኝ። በሥራዬ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ እኔ ቤታቸው የገባሁት ቤታቸው ሊፈርስ ሲል ነው፤ መንገድ ላይ ሰላም ካልኳቸው አጠገባቸው ያለው ሰው ይቺን ከየት ታውቂያታለሽ ይላቸዋል፤ ያኔ ወይ ይዋሻሉ ወይ የሆኑትን ሁሉ ይናገራሉ። እነሱ ሰላም ካሉኝ እመልሳለሁ፤ ካላሉኝ አላውቃቸውም። እንዲህ ነበር ያልሽኝ። እኔም፣ እንግዲያ ያገባሁት ሰላይ ነው ብዬ ቀለድኩ። ሳቅሽ፤ እኔም ስቄ ረሳሁት።

ነግረሽኛል ማለቴ ነው፣ አስኩ። ሳልሰማ ነው ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሥራሽን አላውቀውም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ሶሻል ወርከር ናት እላለሁ፤ እሱ ምን ማለት ነው ሲሉኝ የተቸገረ ሰው ትረዳለች ብዬ ወሬ እቀይራለሁ። እኔ የሰውን ችግር በአንድ ገጽ እጨርሰዋለሁ፤ ባለጉዳዩም ፈርሞበት ይሄድልኛል። አንቺ ያንኑ ችግር ስንት ዓመት ተሸክመሽ ስትመላለሺ፣ ምን አለ ዛሬ ብዬ ስጠይቅሽ፣ ደክሞኛል ከማለት በቀር ከአፍሽ የሰው ስም ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። የምትኖርበትንም ሰፈር፣ የምትሸጠውንም ለውጬዋለሁ፤ ወረቀቱ ሰው እጅ ቢገባ ይቺ እከሊት ናት የሚል እንዳይኖር። አንቺ ታውቂያታለሽ። ጌጃ ሰፈር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች እንበል።

ለቅሶሽ ላይ መጥታ ነበር። ድንኳኑ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰው እስኪሄድ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችና አጠገቤ መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራችኝ። ልጅ አልወልድ ብላ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ነገረችኝ። የተጣለች ሕፃን ተገኝታ በሕግ ለእሷ እንድትሰጥ የደከምሽው አንቺ ነሽ። ከዚያም አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ እየሄድሽ፣ ወንበር ብታቀርብልሽ እምቢ ብለሽ ዱካ ላይ እየተቀመጥሽ የሕፃን አስተጣጠብ አሳየሻት። አንድ ቀን ልጅቷ አላባራ ብላ ስታለቅስባት፣ አልችልም መልሰሽ ውሰጃት አለችሽ። አንቺ አልመከርሻትም፣ አልተቆጣሻትም። ጫማሽን አውልቀሽ እዚያው ዋልሽ። ቀኑ ሲመሽ ሕፃኗ እሷ ደረት ላይ ተኝታ፣ አሁን ልሂድ ስትያት፣ ሂጂ አለችሽ። እሳቸው ባይኖሩ ልጄን አላገኛትም ነበር አለችኝ። ያን ሁሉ ስታወራኝ ድምፅዋ ከፍ ያለው ልጄ ስትል ብቻ ነበር።

እኔ ይህን ወሬ እንደ ውርስ ያዝኩት። ስንት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ስለ ሥራሽ የማውቀው ነገር ይኸው ብቻ ነበርና በየምሽቱ ሳስበው ደስ ይለኝ ነበር። ድምፅዋን ለምን ዝቅ እንዳደረገች ግን አልጠየቅሁም። ለቅሶ ቤት ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

በመጋቢት ከመሥሪያ ቤትሽ ተደወለልኝ። የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ቀን ሊከበር ነው፤ በሞት የተለዩንንም እናስባለን፤ የእትዬ አስካለን የምስክር ወረቀት እርስዎ መጥተው ይቀበሉልን፣ ሁለት ሦስት ቃልም ይናገሩልን አሉኝ። ሁለት ሦስት ቃል ለእኔ! ለታምሩ! ደስታዬን ብታዪው። ሱፌን አስተኮስኩ፣ ጸጉሬን ተስተካከልኩ፣ ንግግሬንም ሦስት ጊዜ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የጻፍኩት ትሑት፣ ታታሪ፣ ለወገን አሳቢ የሚል ነበር። ሳነበው ማንም ሰው ሲሞት የሚባል ነገር ሆነብኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ለደንበኞቼ የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ስምና አድራሻ የሌለው አቤቱታ መዝገብ ቤት አይቀበለውም፤ ተበደልኩ አትበሉኝ፣ ማን፣ የት፣ እንዴት የሚለውን አምጡልኝ። እናም ለአንቺም ስምና አድራሻ አመጣሁልሽ። ወደ ሴትዮዋ ሄድኩና፣ የአስኩ ቀን ነው፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ አልኳት። ስለ ንግግሩ ትንፍሽ አላልኩም። ድንገት ስትሰማው ይበልጥ ደስ ይላታል ብዬ ነው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመድረኩ በላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል፤ የክብር እንግዶች ፊት ለፊት የታሸገ ውሃ ተደርድሯል። የሥራ ባልደረቦችሽ ሁለቱን የፊት መስመር ይዘዋል። አንቺ ያሠለጠንሻት ሰላማዊት መጥታ አቀፈችኝ። ሴትዮዋ ልጅቷን ይዛ መሃል አካባቢ ተቀምጣለች፤ ልጅቷ የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳ ጸጉሯ ገና የተሠራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ይሆናታል። አየኋቸውና በእጄ ሰላም አልኳቸው፤ መቼም እኔ ነኝ።

ማይክራፎኑን ይዤ ጀመርኩ። አስኩ፣ ጥሩ ተናገርኩ፤ እሱ ነው የሚያናድደው። ስለ ጫማሽ ስናገር ሳቁ፣ ስለ ዝምታሽ ስናገር እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ አልኩ። ባሏ እንደሄደ፣ ሕፃኗ ተጥላ እንደተገኘች፣ በሕግ እንደተሰጠቻት፣ አልችልም ብላ እንደነበረ፣ አንቺም ጫማሽን አውልቀሽ እንደዋልሽ፣ አንድም ሳላስቀር ተረክሁት። ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር ሞቅ አለኝና ስሟን ጠርቼ፣ ይኸው እናትም ልጅም ዛሬ እዚህ አሉ፣ እስቲ ተነሱና እንያችሁ አልኩ።

ልጅቷም እንደ ሰዉ እያጨበጨበች ነበር። ወሬው የማን እንደሆነ አታውቅም። የእናቷ ስም ሲጠራ እጆቿ እንደተከፈቱ ቀሩ። እናቷ ተነሳች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስምሽ ሲጠራ ምን ይደረጋል? ልጅቷ እናቷን አየቻት፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ እንደገና እናቷን። ሴትዮዋ ታለቅስ ነበር። እኔ የደስታ እንባ ነው ብዬ በማይክራፎን ተናገርኩ። ይህንንም ብያለሁ። የፊት ሁለቱ መስመር ግን አላጨበጨበም። ሰላማዊት ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አቀርቅራ ነበር፤ እኔ አንቺ ናፍቀሻት መስሎኝ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግሁ።

የምስክር ወረቀቱን ተቀብዬ ስወርድ አብረን ፎቶ እንድንነሳ ፈለግኋቸው። ወንበራቸው ላይ ሰው የለም። የተሰጣቸው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ሳይከፈት እዚያው አለ። ደረጃው ላይ ሰላማዊት ደርሳብኝ እጄን ያዘችና፣ ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ አታውቅም ነበር አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እናቷ ልትነግራት ትፈልግ እንደነበር፣ መቼና እንዴት እንደምትነግራት ከአንቺ ጋር ትመካከር እንደነበር፣ አንቺ ታመሽ ነገሩ በእንጥልጥል እንደቀረ ያኔ ሰማሁ። ስንት ዓመት ያሰባችሁበትን እኔ በጭብጨባ መሃል ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ደግሞ ያው የእኔ ነው። በማግስቱ ወረቀት አውጥቼ የይቅርታ ደብዳቤ ጀመርኩ፤ እጄ ለምዶበት ከላይ ስሟን ከነሰፈሯ ጽፎ ጉዳዩ የሚለው ላይ ደረሰ። ቀደድኩት። ሽማግሌ ልላክ ብዬ ሰላማዊትን ሳማክራት፣ ጋሼ፣ ለሽማግሌዎቹ ምን ብለው ሊነግሯቸው ነው አለችኝ። ራሴ ልሂድ ስላት ደግሞ፣ እርስዎን የማያውቅ ሰው የለም፣ ለምን መጡ ብሎ ሰፈሩ ሲጠይቃት ምን ትበል አለችኝ። እኔ ልሂድ፣ የእኔ ሥራ ነው ብላ ሄደች። ንግግሬን በስልክ የቀረጹትንም ዞራ ለምና አስጠፋች።

እንዴት ናቸው ብዬ ደወልኩላት። ደህና ናቸው አለችኝ። ልጅቷ ምን አለች፣ ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ብዬ ስነዘንዛት፣ ደህና ናቸው ጋሼ አለችኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። ወዲያው ግን ድምፁን አወቅሁት። ደክሞኛል ስትይኝ የነበረው ድምፅ ነው።

ስለዚህ ከሩቅ ማየት ጀመርኩ። ከፍርድ ቤት ስወጣ በዚያ በኩል ዞሬ፣ ከማዶ ባለው ሱቅ ጥግ አያታለሁ። ሴትዮዋ ሽንኩርቷን ደርድራ ትቀመጣለች። ልጅቷ ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የምትሠራበት ትንሽ ዱካ አጠገቧ አለ፤ ባዶ ነው። ሚያዝያ ባዶ ነበር፣ ግንቦትም ባዶ ነበር። ገዢ ሲመጣ ዱካውን እግሩ እንዳይነካው ወደ ራሷ ጠጋ ታደርገዋለች። አንድ ቀን ይህን ሳይ ቤቴ እስክደርስ አንድም ሰው ሰላም ሳልል ሄድኩ። ሰዎቹ ዓይኑ ደክሞ ነው ብለው ይሆናል።

ጎረቤቶቻችን አሁንም፣ ጋሽ ታምሩ እንዴት ያለ ንግግር ነው ያደረጉት አሉ ይሉኛል። የምስክር ወረቀቱን ያሳዩን ይሉኛል። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ እንዲሰቀል አልፈልግም። ለብዙ ቀን ራሴን፣ አንቺን ላከብር ብዬ ነው ያጠፋሁት እያልኩ አባብየዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ? ጭብጨባው ጣፍጦኝ ነበር። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ሳይጨበጨብልሽ የያዝሽውን እኔ በአንድ ጠዋት ጭብጨባ ለወጥኩት። ከጥፋቱ ይልቅ ይህ ነው ፎቶሽን እንዳላይ ያደረገኝ።

ያለፈው ሳምንት ዝናቡ ጋብ ሲል ከተክለ ሃይማኖት ወደ ቤት ስመጣ ሁለቱን ከፊቴ አየኋቸው። ሴትዮዋ ዘንቢል ይዛለች፤ ልጅቷ ጃንጥላውን ይዛለች። ከእነሱ ጋር አንዲት ጎረቤታቸው የምትመስል ሴት አለች። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማምለጫ የለኝም። አንገቴ ጎንበስ ሊል፣ እጄ ሊነሳ፣ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ሴትዮዋ አየችኝ። ምንም አላለችም። ያኔ ያንን እሑድ አስታወስኩ። ዓይኔን ወደ ፊት አደረግሁ፤ ክንዴን የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ የራሴን ክንድ ያዝኩና አለፍኳቸው። እንደ እሱ የከበደኝ ነገር የለም። ስንት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ፣ በየቀኑ፣ ስንቱን ሰው እንዲህ እያለፍሽ ኖርሽ? እኔም አጠገብሽ እየሄድኩ ኩሩ እልሽ ነበር።

አሥር እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ከጀርባዬ የልጅቷን ድምፅ ሰማሁ። እማ፣ ጭቃው፣ በዚህ በኩል አለቻት። ሌላ የሰማሁት የለም። ዞሬም አላየሁም። ዝናቡ እንደገና እስኪጀምር እዚያው ቆሜ ነበር።

ይህ ያዳነኝ እንዳይመስልሽ። ምን እንዳለፈባቸው አላውቅም፤ ልጅቷ ስንት ቀን እማ ሳትላት እንደቆየች አላውቅም፤ ማወቅም የእኔ አይደለም። ይቅርታ አልጠየቅሁም፣ ይቅርም አልተባልኩም። በመጪው መጋቢት ቀኑ ሲከበር ከጠሩኝ እሄዳለሁ፤ ከኋላ ተቀምጬ ለባልደረቦችሽ አጨበጭባለሁ፤ ተናገር ካሉኝ አስካለን አመስግኑልኝ ብዬ እቀመጣለሁ። አንቺን ማስታወስ ከእንግዲህ ለእኔ በአፍ አይሆንም። ጫማሽ ከበር ጀርባ ይኖራል፤ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ሴትዮዋን ነገም ከነገ ወዲያም መንገድ ላይ አገኛታለሁ፣ መሄጃችን አንድ ነው። ሰላም ካለችኝ እመልሳለሁ። ካላለችኝ አላውቃትም።

ባልሽ ታምሩ